የሰንበቴው ቤት እንግዶች

እህተማርያም ሆሳዕና ከገባች ሠላሳ ዓመት አልፏታል። ከመንዝ ያመጣት ባሏ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። እሱ ካረፈ በኋላ ዘመዶቿ «ነይ አገርሽ ግቢ» ቢሏት፣ «ከዚህ ሌላ ምን አገር አለኝና?» ብላ ከደብሩ ቅጥር ጀርባ ካለችው ጭቃ ቤቷ ሳትነቃነቅ ቀረች። መስኮቷን ስትከፍት ፊት ለፊት የሚታያት የቤተ ክርስቲያኑ የድንጋይ ካብ ነው። በካቡና በቤቷ መካከል መንገደኛ የሚመላለስበት ሰፋ ያለ መተላለፊያ አለ።

ያ ሰፈር በጃንሆይ ጊዜ ከላይ እስከ ታች የሚተዋወቅ ሰው የሞላበት ነበር። ጸሐፊው፣ አስተማሪው፣ ጨርቅ ነጋዴው፣ አብዛኛው ከሸዋና ከጎጃም የመጣ፣ ሁሉም የዚያው ደብር ልጅ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ በሰንበቴው ቤት ተሰብስቦ፣ ዳቦውን ቆርሶ ጠላውን ቀምሶ፣ የታመመውን ጠይቆ፣ የተጣላውን አስታርቆ ይለያይ ነበር። አብዮቱ ከመጣ ወዲህ ግን ሰዉ ተበተነ። አንዱ ተዛወረ፤ አንዱ ቤቱ ተወረሰበትና አዲስ አበባ ልጆቹ ዘንድ ገባ፤ አንዱም ሞተ። ቤቶቹን ቀበሌ ሲያከራያቸው ከጃጁራና ከሞርሲቶ የመጡ፣ በቤታቸው ሃዲይኛ የሚያወሩ ሰዎች ገቡባቸው። ግማሾቹ እስላም፣ ግማሾቹ ጴንጤ ናቸው። እህተማርያም እንደ እህት ታያት በነበረችው በአበራሽ ቤት እንኳ ፋጡማ የምትባል ቅቤ ነጋዴ ከባሏ ከኑሪ ጋር ከገባች አምስት ዓመት ሆኗታል። ኑሪ የጭነት መኪና ይነዳል።

ሁለቱ ሴቶች በር ለበር ናቸው። «እንዴት አደርሽ?» «ይመስገን» ይባባላሉ። ከዚያ አልፎ አንዷ የሌላዋን ደፍ ረግጣ አታውቅም። እህተማርያም ክፋት ኖሯት አይደለም። ያንን በር ባየች ቁጥር አበራሽ ነጠላዋን እያጣፋች የምትወጣ እየመሰላት፣ የምትወጣው ሌላ ስትሆን ፊቷን ወደ ቤቷ ትመልስ ነበር።

በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት ከዳገቱ በላይ ያለው ጤና ጣቢያ ሰፋና ቀዶ ጥገና የሚያደርግ ሐኪም መጣለት። ወሬው ገጠር ለገጠር ተዳረሰ። ከዚያ ወዲያ በሽተኛ በቃሬዛ የማይገባበት ቀን ጠፋ። አልጋው ጥቂት፣ በሽተኛው ብዙ ስለሆነ አስታማሚ ቀን ገብቶ ማታ ይወጣል። ወጥቶስ የት ይደር? በከተማው ዘመድ ያለው ዘመዱ ዘንድ ይሄዳል። ዘመድ የሌለው የደብሩን ካብ ተጠግቶ ላስቲክ ወጠረ፤ ጉልቻ ጎለተ፤ የታጠበ ጨርቁን ካቡ ላይ አሰጣ። ክረምቱ ሲገባ የእህተማርያም መስኮት ፊት ትንሽ መንደር ሆነ።

የሰንበቴው ማኅበርተኞች ነገሩ አልተዋጠላቸውም። አንድ የሐምሌ እሑድ ዳቦው ከተቆረሰ በኋላ ቸኮል ወሬውን አነሣው። ቸኮል ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ድምፁ ወፍራም፣ ልቡ ችኩል።

«ይኸ ነገር እስከ መቼ ነው? ሌሊቱን ሙሉ እሳት ያነዳሉ። ጭሱ መቅደስ ድረስ ይገባል። እኔ ሽቦ አመጣለሁ። ካቡን በእሾህ ሽቦ እንጠረው፣ መተላለፊያውንም እንዝጋው።»

የሰንበቴው ሙሴ፣ ማለት የማኅበሩ አለቃ፣ ገብረ ሥላሴ ነበሩ። ከማስተማር ጡረታ የወጡ፣ ቀጥ ብለው የሚቀመጡ፣ ንግግራቸው የተቆጠበ ሽማግሌ ናቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቸኮል ልክ ነው» አሉ።

ቄስ ኃይለ ማርያም ደብሩን ማገልገል ከጀመሩ ገና ዓመት አልሞላቸውም። በዕድሜ ከሁሉም ያንሳሉ፤ ስለዚህ ሲናገሩ ለስለስ አድርገው ነው።

«ሽቦው ይደርሳል፤ አይቸግርም። አንድ ነገር ግን ልጠይቃችሁ፤ እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው?»

ቄሱ አንድ በአንድ አዩአቸውና ቀጠሉ።

«ከየት ነው የመጡት? ማን ታሞባቸው ነው? ይኸ ሁሉ ቦታ እያለ ለምን እኛን ተጠጉ? ሰውን ከማባረር በፊት ስሙን መጠየቅ ደግ ነው ብዬ ነው።»

«ማን ይጠይቃቸው? አማርኛ የሚሰማ እንኳ የላቸውም» አለ ቸኮል።

ዓይኑ ሁሉ ወደ እህተማርያም ዞረ፤ ቤቷ እዚያው ነውና። እሷም እምቢ ማለት አፈረችና፣ «እኔ እጠይቃለሁ» አለች።

ማለቱ ቀላል ነበር። ቤቷ ገብታ ስታስበው ግን በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከገበያ ዋጋ በቀር የምታውቀው ሃዲይኛ የለም። መላ ፈልጋ መላ ስታጣ፣ በማግስቱ ጠዋት ነጠላዋን ተከናንባ የፋጡማን በር አንኳኳች።

ፋጡማ በሩን ከፍታ ስታያት ደነገጠች። «እትዬ እህተማርያም! ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?»

«ኧረ ማንም አልሞተ።»

«እንግዲያስ ደህና መጡ፤ ግቡ፣ ግቡ» ብላ ፋጡማ ወንበር በቀሚሷ ጠረገች። ቤቱ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። አበራሽ የማርያምን ሥዕል ትሰቅልበት ከነበረው ግድግዳ ላይ የአንዲት ትንሽ ልጅ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል።

«ልጅሽ አይደለችም? ካየኋት ቆየሁ» አለች እህተማርያም።

«ዘምዘም ናት። አምና በኩፍኝ ሞተችብኝ» አለች ፋጡማ፣ ቀስ ብላ። «ያኔ እርስዎ ልጅዎ ዘንድ አዲስ አበባ ሄደው ነበር መሰለኝ።»

እህተማርያም አዲስ አበባ የከረመችው አንድ ወር ብቻ ነው። ከተመለሰች በኋላ ዓመት ሙሉ በር ለበር ሲኖሩ የነገራት ሰው የለም፤ እሷም የጠየቀችው ሰው የለም።  ተነሥታ የፋጡማን እጅ ያዘች። ለምን እንደ መጣች የተናገረችው ከዚያ በኋላ ነው።

«እነዚያን ሰዎች?» አለች ፋጡማ። «አውቃቸዋለሁ እኮ! ሙቅ ውኃ የምሰጣቸው እኔ ነኝ። ኑ እንሂድ።»

ከካቡ ሥር መጀመሪያ ያገኟት ሣራ የምትባል የሞርሲቶ ወጣት ሴት ነበረች። ጡት የሚጠባ ሕፃን አዝላለች። ጠና የሚባል ባሏ ከዛፍ ወድቆ ጭኑ ተሰብሯል፤ እስከ ክረምቱ መውጫ ሊተኛ ነው። እህተማርያም ይጠይቃሉ ብላ ያሰበችው እንጀራ ነበር። በፋጡማ አፍ፣ «ምን ቸገራችሁ በያት» አለች።

ሣራ ሕፃኑን ከጀርባዋ አውርዳ ታቀፈችው። ከዚያ ቀስ እያለች ተናገረች፤ ፋጡማም እየተከተለች ወደ አማርኛ መለሰችው።

«እህል አላጣንም ትላለች። ከቤት ቆጮ ይላክላቸዋል። የቸገራት ልጁን የምታስተኛበት ደረቅ ቦታ ነው።»

«እሳቱንስ ለምን ሌሊቱን ሙሉ ያነዱታል?»

ፋጡማ ሳትጠይቅላት መለሰች። «ለጅብ ነው እንጂ! ባለፈው ሳምንት አንዱን ሰውዬ ጋቢውን ነጥቆት ሄደ። ሴቶቹ ተራ ገብተው ነው እሳት የሚጠብቁት።»

እህተማርያም አፏን በነጠላዋ ያዘች። እሷ በመስኮቷ ያንን እሳት እያየች ስታማርር ነው የከረመችው። «ታዲያ ምነው እዚህ? ከገበያው ዳር የዳስ ጥላ አለ አይደል?»

ይኸን ፋጡማ ጠየቀቻት። ሣራ ካቡን በእጇ መዳፍ ነካ አደረገችና መልሷን ሰጠች።

«የጸሎት ቤት ነው። ከዚህ ሥር ያደረን ሰው ማን ክፉ ያደርገዋል? ብለን ነው፣ ትላለች።»

በሚቀጥለው እሑድ እህተማርያም ያየችውንና የሰማችውን አንድ ሳታስቀር ተናገረች። ስትጨርስ ራሷ ሳታስበው አንድ ቃል ከአፏ አመለጠ። «ይኸ የሰንበቴ ቤት ከእሑድ እስከ እሑድ ተዘግቶ የሚውል ነው። ሴቶቹና ሕፃናቱ ቢያድሩበትስ?»

ቤቱ ተንጫጫ። ቸኮል ጽዋውን አስቀመጠ። «እስላምና ጴንጤ ከቅጥራችን ውስጥ ይደር ነው የምትዪው? ቀበሌስ? የሌላውን ሰው የጸሎት ቤት ዘግተው ምእመኑን ሲያስሩ እያየን፣ እኛ ተጠርጣሪ እንሰብስብ? ነገ የኛንም ቤት ያሽጉታል!»

«ሰንበቴ ደሃ ሊመገብበት፣ እንግዳ ሊያርፍበት የተሠራ ነው» አሉ ቄስ ኃይለ ማርያም። «ቤቱም ያለው ከውጭው በር ዳር እንጂ ከመቅደሱ አጠገብ አይደለም።»

ገብረ ሥላሴ ሁሉን እስከ መጨረሻ ሰሙና፣ «ለሌላ እሑድ ይደር» አሉ። በሰንበቴ ቋንቋ ለሌላ እሑድ ይደር ማለት ይቅር ማለት ነው።

ሰማዩ ግን ሌላ እሑድ አልጠበቀም። ረቡዕ ከቀትር በኋላ ሰማዩ ጠቆረና የባቄላ ፍሬ የሚያህል በረዶ ይወቅጥ ጀመር። ላስቲኩ ተበጣጠሰ፤ እሳቱ ሁሉ ጠፋ፤ መተላለፊያው ጅረት ሆነ። እህተማርያም በመስኮት ስታይ ሣራ ልጁን ከሆዷ ሥር አድርጋ በጀርባዋ በረዶውን ትቀበላለች። ነጠላዋን እንኳ ሳትደርብ በሩን በርግዳ ወጣች። ቃሉ ስለሌላት እጇን እያወዛወዘች፣ «ኑ! ኑ!» ብላ ጮኸች። ለዚህ አስተርጓሚ አላስፈለገም። የቻለችውን ያህል ከቤቷ አስገባች። ፋጡማም ከማዶ በሯን ከፍታ የቀሩትን ትቀበል ነበር። መካከል ላይ በረዶ እየወረደባቸው ሁለቱ ሴቶች ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙና፣ እንደ ልጃገረድ ሳቁ።

እህተማርያም የባሏን ጋቢ ከሣጥን አውጥታ ለሣራ አለበሰቻት። ሕፃኑን ተቀብላ በእሳቱ ዳር እግሩን ስታሽለት፣ ልጁ ጣቷን ይዞ እንቅልፍ ወሰደው። ሣራም የመደቡን ጥግ ተደግፋ ዓይኗ ተከደነ። በዚያ ቤት የሌላ ሰው እንቅልፍ ከተሰማ ስንት ዘመን ሆነው!

ጠዋት የአብዮት ጠባቂው መጣ። ያለ ፈቃድ እንግዳ ማሳደር ክልክል ነበርና እህተማርያም ቀበሌ ተጠራች። ፋጡማም ሳትጠራ አብራት ሄደች። ሊቀመንበሩ የዚያው አገር ልጅ፣ ጎልማሳ ሰው ነው። ከጠረጴዛው ኋላ ሆኖ በጥያቄ አጣደፋት።

«እነዚህ ሰዎች ምንሽ ናቸው?»

እህተማርያም አሰበች። ዘመዶቼ እንዳትል ውሸት ነው። እንግዶቼ እንዳትል እንግዳ ክልክል ነው።

«ጎረቤቶቼ ናቸው» አለች።

«ከሞርሲቶ የመጣች ሴት እንዴት ጎረቤትሽ ትሆናለች?»

«ከመስኮቴ ሥር ወር ተቀምጣለች እኮ፣ ልጄ። ጎረቤት ከዚህ ሌላ ምንድን ነው?»

ሊቀመንበሩ ፊቱን ቢያዞርም ፈገግታው አመለጠው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ፣ እናቴ። በግለሰብ ቤት ከሆነ እኔንም ያስጠይቀኛል። የታወቀ ማኅበር ለበሽተኛ አስታማሚ መጠለያ እንስጥ ብሎ ካመለከተ ግን ሌላ ነገር ነው። የማኅበሩ አለቃ ራሱ መጥቶ ኃላፊነቱን ይውሰድ። ያኔ እናያለን።»

የማኅበሩ አለቃ ገብረ ሥላሴ ናቸው። እህተማርያም ከቀበሌ በቀጥታ ቤታቸው ሄደች። ሽማግሌው ብቻቸውን ተቀምጠው መነጽራቸውን ይወለውሉ ነበር። ነገሩን ሁሉ ስትነግራቸው መነጽራቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«እህተማርያም፣ ልጠይቅሽ። እኔ ጨካኝ ሰው ነኝ?»

«ኧረ በሞቴ! ጋሼ፣ እርስዎማ አይደሉም።»

«ትምህርት ቤቱን አስረከብኩ። ትልቁን ቤቴን አስረከብኩ። ሚስቴን ብርነሽን ለአፈር አስረከብኩ። የቀረችኝ ያቺ የሰንበቴ ቤት ናት። እሑድ እዚያ ስቀመጥ በቀኜ ባልሽ፣ በግራዬ እነዚያ ሁሉ ያሉ ይመስለኛል። እሷን ደግሞ ለማላውቀው ሰው ልስጥ?» ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

እህተማርያም ተነሥታ ከአጠገባቸው ተቀመጠች። ብርነሽ የሞተች ጊዜ ካለቀሱት በቀር እንዲህ ሆነው አይታቸው አታውቅም።

«ለመስጠት አይምጡ» አለች ቀስ ብላ። «ለማየት ብቻ ይምጡ። አይተው ደስ ካላለዎት ይቅር፣ እኔ ዳግመኛ አላነሣብዎትም።»

በማግስቱ ካፊያ እየጣለ መጡ፤ በከዘራቸው ጭቃውን እየወጉ፣ ፊታቸውን አጠቁረው። ከካቡ ሥር በዕድሜ እኩያቸው የሚሆን ሰው በተገለበጠ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከድንጋዩ ላይ የእንሰት ቅጠል አንጥፎበታል፤ ሌላ ቅጠል ደግሞ እንደ ጃንጥላ በራሱ ይዟል። ሽማግሌው ሲመጡ ባየ ጊዜ ተነሣና፣ ቅጠሉን በእጁ ጠርጎ መቀመጫውን ለቀቀላቸው። የራስ ጥላውንም ሰጣቸው። እሱ ካፊያው ውስጥ ቆመ።

ገብረ ሥላሴ ግራ ገባቸው። የሰው መቀመጫ እምቢ ማለት ነውር ነው፤ ተቀመጡ። «አንተስ?» ሲሉት ከጎናቸው ቁጢጥ አለ።

«ከየት ነህ?»

«ከአንጋጫ፣ ጌታዬ። ሎምቤሶ ነው ስሜ።» አማርኛው ከከምባትኛ እየተጋጨ ይወጣል። «ሚስቴ እዚያ ውስጥ ነው። ሆዱን ቀደዱት። ቀን ቀን እጁን እይዛለሁ። ማታ ውጣ ይሉኛል።»

«ብዙ ዘመን አብራችሁ ኖራችሁ?»

«እኔም እሱም ልጅ ነበርን» አለ ሎምቤሶ። ከዚያ ዞር ብሎ አያቸው። «የእርስዎ ሚስት አለ?»

«የለችም። ሞታለች።»

ሎምቤሶ አንገቱን ደፋ። «እንግዲያው እርስዎ ያውቃል» አለ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች በአንድ የእንሰት ቅጠል ሥር ራሳቸውን አጠጋግተው ዝናቡ እስኪያባራ ተቀመጡ። ምን እንዳወሩ እህተማርያም በመስኮቷ አልሰማችም። ሲነሡ ግን ገብረ ሥላሴ ወደ ቤታቸው አልተመለሱም፤ በከዘራቸው ጭቃውን እየወጉ ቀበሌ ሄዱ።

ፈቃዱ ተገኘ። የመጣ ሰው ጠዋት ጠዋት እንዲመዘገብ፣ በሩ እንዳይዘጋ፣ ስብሰባ እንዳይደረግበት የሚል ብዙ ትእዛዝ ነበረበት። ሰንበቴውም የራሱን ሥርዓት አወጣ፤ ሴትና ሕፃን ከውስጥ፣ ወንድ ከበረንዳው፤ በጾም ቀን ከቅጥሩ ሥጋና ወተት አይበስልም፤ ለሕፃንና ለሕመምተኛ ግን ቄሱ ፈቅደዋል። የእስላሞቹን ጸሎት ነገር ፋጡማ ከቤቷ ጓሮ ቦታ ለቃ ጨረሰችው። እሑድ ሲደርስ ሁሉም ጓዙን አውጥቶ ወለሉን ጠርጎ ይጠብቃል። ማኅበርተኞቹም መጀመሪያ መጀመሪያ እንግዶቹ ከውጭ ቆመው እያዩ ዳቦ መቁረሱ ከበዳቸው። በኋላ ዳቦው ትልቅ ሆኖ ይጋገር ጀመር።

ሁሉ ነገር የተመቸ ነበር አይባልም። አንድ ጊዜ የሰው ቡልኮ ጠፍቶ ጠብ ተነሣ። አንድ ጊዜም ሕፃን ከግምጃው ምንጣፍ ላይ አስመለሰበትና ቸኮል ሰፈር እስኪሰማ ጮኸ። ቸኮል ነገሩን ገና አልወደደውም፤ በየጊዜው ብቅ እያለ ጥፋት ይፈልጋል።

አንድ ምሽት ፀሐይ ሳትጠልቅ ብቅ ሲል ከውስጥ መዝሙር ሰማ። ሣራ ልጇን እያስተኛች የቤተ ክርስቲያኗን መዝሙር በሃዲይኛ ታንጎራጉራለች። እህተማርያም እንጨት ልታስገባ መጥታ ቸኮልን ከበሩ ላይ አየችውና እንጨቱን እንዳቀፈች ቆመች። በመንደሯ የነበረው የሣራ ጸሎት ቤት ታሽጓል፤ ባሏም በዚያ ሰበብ አንድ ጊዜ ታስሯል። ቸኮል ምን እንደሚል እህተማርያም ታውቃለች፤ ስብከት ነው፣ የሌላ ሃይማኖት ነው፣ ውጡ ይላል።

ቸኮል አልጮኸም። ግንባሩን ቋጥሮ ጥቂት ሰማ። ከዚያ አንድ እግሩን ከደፉ አሳልፎ፣ በሚያውቃት የገበያ ሃዲይኛ ከአማርኛ ጋር እያደባለቀ፣ «ዝቅ አድርጊው፣ ዝቅ!» አላት፤ በጣቱም የቀበሌውን መንገድ አሳያት። «ያንን ጠባቂ አታዪውም? ይሰማሻል።»

ሣራ መዝሙሩን አቋረጠች።

«ተይው አላልኩም እኮ» አለ ቸኮል ተናዶ። «ዝቅ ነው ያልኩት። ልጁ ገና አልተኛም።» ከዚያም እህተማርያምን ሳያያት ከበሩ ደፍ ላይ ጀርባውን ወደ ቤቱ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ ተቀመጠ፤ ሕፃኑ እስኪተኛም አልተነሣም።

ፍልሰታ ከገባ በኋላ የሎምቤሶ ሚስት ሞተች። ቁስሉ ሊድን የቀረበ መስሎ ነበርና ሐዘኑ ድንገተኛ ሆነ። ሎምቤሶ አላለቀሰም፤ ከሰንበቴው ቤት በረንዳ ተቀምጦ ባዶ እጁን ያያል። ሴቶቹ ከበው አለቀሱለት፤ የሃዲያዋ በሃዲያ ወግ፣ እህተማርያምና ጓደኞቿ በመንዝ ሙሾ፣ ፋጡማም እያነባች። ከፋጡማ በቀር የሌላውን ቃል የሰማ የለም፤ ለቅሶው ግን አንድ ነበር።

አስከሬኑ አንጋጫ መድረስ ነበረበት። ኑሪ የጫነውን እህል አራግፎ መኪናውን አመጣ። ሎምቤሶ ከኋላ ከሚስቱ አስከሬን ጎን ወጣ። መኪናው ሊነሣ ሲል ገብረ ሥላሴ ከዘራቸውን ለእህተማርያም አቀበሉና፣ «ያዢኝ፣ ደግፊኝ» ብለው ከኋላው ተሳፈሩ።

«ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜዎ! ከፊት ይግቡ እንጂ።»

«ብቻውን አስከሬን ይዞ አገሩ ይግባ?» አሉ፤ ከሎምቤሶም አጠገብ ተቀመጡ።

ሦስት ቀን ቆዩ። በአራተኛው ቀን ኑሪ ሲያመጣቸው ጫማቸው ጭቃ ተለውሶ፣ ጢማቸው ሳይላጭ፣ እንደ ልጅ ደስ ብሏቸውም አዝነውም ነበር። እህተማርያም የእግር ውኃ አቀረበችላቸው።

«አገር ሁሉ ወጥቶ ተቀበለን» አሉ እግራቸውን እየታጠቡ። «እኔ ሬሳ ያመጣሁ እንጂ ሌላ ምን ያደረግሁ ነኝ? ከሎምቤሶ ጎን አስቀምጠው እንደ ወንድሙ አስተዛዘኑኝ። ጾመኛ መሆኔን ከማን እንደ ሰሙ አላውቅም። አንዲት ሴት ቅቤ ያልነካው አዲስ ድስት ፈልጋ ድንችና ጎመን ለብቻዬ ቀቀለች። ሰው እየመጣ 'ሚስትህ መቼ ሞተች?' ይለኛል። እኔ ብርነሽን አነሣለሁ፤ እነሱ ለሷም ያለቅሳሉ።» እግራቸውን ከውኃው አወጡ። «እንዲያ ተደርጎ ተለቅሶላት አያውቅም ነበር፣ እህተማርያም። ያኔ ሰፈሩ ተበትኖ ነበርና።»

 እህተማርያም እግራቸውን በፎጣ አደረቀችላቸው።

መስከረም ሲጠባ ጠና በምርኩዝ ቆሞ ተለቀቀ። ኑሪ እስከ ሞርሲቶ ሊያደርሳቸው መኪናውን ከመተላለፊያው አፍ አቁሟል። ቄስ ኃይለ ማርያም፣ ገብረ ሥላሴና ቸኮልም ሊሰናበቱ ወጡ። ቸኮል ለሕፃኑ የሚሆን አቡጀዲ በብብቱ ሸጉጦ፣ ማን እንዳመጣው እንዳይታወቅ ከጓዛቸው ላይ ጣል አደረገው። ሁሉም ግን አየው።

ሣራ ሁሉን ከተሰናበተች በኋላ የእህተማርያምን እጅ ይዛ ከደጃፏ አስቀመጠቻት። ቅቤ ከፋጡማ ተቀብላ የእህተማርያምን ሻሽ ፈታች። ሽበቱ ተበትኖ ወረደ። ሣራ በጣቷ ለየችው፤ ቅቤ ቀባችው፤ ከግንባሯ ጀምራ ቀጭን ቀጭን ሹሩባ ትሠራት ጀመር። ይኸ ራስ በሰው እጅ ከተነካ ዓመታት አልፈዋል። እህተማርያም ዓይኗን ጨፍና ራሷን በሣራ ጉልበት ላይ ጣለች።

ጠና በምርኩዙ እየተወዛወዘ በሃዲይኛ ጠራት። ኑሪ ክላክስ ነፋ። ፋጡማ ሕፃኑን ታቅፋ፣ «ኧረ መሽቶባቸዋል!» ብላ ሳቀች።

ሣራ አልቸኮለችም። ገና በአንድ ወገን ብቻ ነበር የጨረሰችው።